ባሌን የምናገርበት አፍ ራሴንም የምሰድብበት ነው፤ ልጄ ሰማችኝ

የማለዳ ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው እሁድ ነው። ቡና ጠጥተን ጨረስን። ባለቤቴ ሳልጠይቀው ተነስቶ ሲኒዎቹን አጠበ። አጠበና ረከቦቱ ላይ መመለስ ትቶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደረደራቸው። ከጓዳ ስወጣ እኔ ያየሁት ጫፉን ብቻ ነው። መታጠባቸውን አላየሁም። "አንተ መቼም አንድ ነገር አሟልተህ አትሠራም!" አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም። እጁን የሚያደርቅበትን ፎጣ ወንበሩ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አልተመለሰም። ሲመለስም አኩርፏል።

ይሄ ለቤታችን አዲስ አይደለም። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ያኮርፋል፣ ሁለት ቀን እንዘጋጋለን፣ ከዚያ በልጃችን በኩል መነጋገር እንጀምራለን። "ለአባትሽ ራት ቀርቧል በይው" እየተባለ።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ ማታ የአምስት ዓመት ልጄ ስትስል እርሳሷ ተሰበረባት። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፣ አላየችኝም። "አንቺ መቼም የማትረቢ ነሽ!" አለች። ለራሷ ነው ያለችው። ድምፁ የኔ ነው፣ አጨራረሱ ሳይቀር።

ልጄን እንዲህ ብያት አላውቅም። ለራሴ ግን እላለሁ። ሽንኩርት ሲያርብኝ፣ ስልኬን ረስቼ ከግማሽ መንገድ ስመለስ፣ መሥሪያ ቤት አንድ ቁጥር ስሳሳት፣ ድምፄን አውጥቼ "አንቺ የማትረቢ!" እላለሁ። ሰው የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር።

ያደግኩት ምስጋና በማይነገርበት ቤት ነው። እናቴ ትወደኛለች፣ ጥርጥር የለኝም። ግን ሁለተኛ ወጥቼ ካርድ ይዤ ስመጣ "አንደኛ የወጣችው ሁለት ጭንቅላት አላት?" ነበር የምትለኝ። አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደሆነ አልለይም፣ እሷ ትሁን እኔ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ባሌ ላይ የምናገረውንና ራሴ ላይ የምናገረውን፣ የቱን ነው መጀመሪያ የማቆመው? ወይስ አንድ ነገር ነው?

—

የሦስት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ይባላል። ባልሽ ሲኒ ያጥባል እኮ! የኔ ዘመን ወንድ ሲኒ የት እንደሚቀመጥም አያውቅም ነበር። አትናደጂብኝ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ራስሽን ስትወቅሺ አንጀቴ ስለተላወሰ ነው። ማታ እመለሳለሁ።

—

አማካሪው፦
እህቴ፣ ሥራዬ ከባለትዳሮች ጋር ነው። ጥያቄሽን በደንብ ነው ያየሽው፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ መልሱ አለ። አንድ ነገር ነው። ግን ከሲኒው ልጀምር።

ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ። ሲያትል በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ባልና ሚስትን ቤት በሚመስል ክፍል እያስቀመጠ፣ በካሜራ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ሲጨቃጨቁ አጥንቷል። ትዳር የሚጎዱ ብሎ የለያቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ሰውየውን መንቀፍ፣ መናቅ፣ ምክንያት እየደረደሩ ራስን መከላከል፣ እና እኛ ኩርፊያ የምንለው መዘጋት። ስም ያወጣላቸው ራእይ ዮሐንስ ላይ ካሉት አራት ፈረሰኞች ነው። ከሁሉም የከፋው ንቀት ነው። ንቀት ስድብ ብቻ አይደለም፣ ዓይን ወደ ላይ ማገላበጥ፣ ከንፈር ማጣመም፣ አሽሙርም ይጨምራል።

እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጎትማን ቅሬታ አታንሱ አይልም። ቅሬታ የሌለበት ቤት የለም። "ሲኒዎቹ ጫፍ ላይ ናቸው፣ እንዳይወድቁ ፈራሁ" ቅሬታ ነው፣ ስለ ሲኒ ነው። "አንተ መቼም አሟልተህ አትሠራም" ስለ ሲኒ አይደለም፣ ስለ ሰውየው ነው። ለመጀመሪያው መልስ አለው፣ ሲኒውን ያነሳል። ለሁለተኛው ምን ብሎ ይመልስ? "አሟልቼ የምሠራ ሰው ነኝ" ብሎ ይከራከር?

ሌላው አጀማመር ነው። በ1999 ጎትማንና ባልደረባው ሲቢል ካሬር 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ስለሚጋጩበት ጉዳይ 15 ደቂቃ ሲነጋገሩ የቀረጹትን መርምረው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የተፋቱትንና አብረው የቆዩትን የለየው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው። በቁጣና በነቀፋ የተጀመረ ንግግር በዚያው ያልቃል።

—

ዝምተኛው ሾፌር፦
እህቴ ስለ ባልሽ ልንገርሽ፣ እኔ እሱን ስለሆንኩ።

ስንዘጋ ግድ የሌለን ይመስላችኋል። ባለቤቴ መናገር ስትጀምር ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ የምትለው አይሰማኝም። የምመልሰው ቢኖረኝ ክፉ ነገር ስለሆነ አፌን እዘጋለሁ። እሷ ደግሞ "ግድግዳ እያናገርኩ ነው" ትላለች፣ ይብስባታል።

አሁን አሁን ሥራ ጨርሼ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ሞተር አጥፍቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ሬዲዮ ከፍቼ። ዛሬ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ቀኑን ወደ ኋላ አስባለሁ። ዳቦ ረሳሁ? ደወለችልኝ እንዴ? ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቤቴ ነው፣ ኪራዩን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ግን ለመግባት ድፍረት ያስፈልገኛል።

—

የማለዳ ጤዛ፦
ሾፌሩ ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባሌም እሁድ ስድስት ሰዓት ሙሉ የት እንደነበር አልጠየቅኩትም። ለምን እንደወጣ እንጂ የት እንደሄደ አላሰብኩም።

—

አማካሪው፦
ሾፌሩ ያለው ልክ ነው፣ ተለክቷል። በጭቅጭቅ መሀል የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ ሰው የሚነገረውን በትክክል አይሰማም፣ ለቀልድም ለይቅርታም ቦታ የለውም። ሰውነት እስኪረጋጋ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ መውጣት በራሱ ጥፋት አይደለም። ሳይናገሩ መውጣት ነው ጥፋቱ። "አሁን አልሰማሽም፣ ትንሽ ልረጋጋና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንነጋገር" ብሎ መውጣትና ፎጣ ጥሎ መውጣት አይገናኙም። በተባለው ሰዓት መመለስ ግን ግዴታ ነው። እዚያ እረፍት ላይ ተቀምጦ በደሉን የሚያመነዥክ ሰውም አይረጋጋም።

—

ቀጥተኛ ሰው፦
ይቅርታ፣ የተለየ ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ የጎትማን "ማን እንደሚፋታ አስቀድሜ አውቃለሁ" የሚለው ነገር ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ አንስተዋል። ቀመሩ የተሠራው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው፣ በሌሎች ጥንዶች ላይ ሳይሞከር ያን ያህል ሊታመን አይገባም ብለዋል። ሁለተኛ፣ ራሴን ባልወቅስ ኖሮ ኢንጂነሪንግ አልጨርስም ነበር። አራተኛ ዓመት ላይ አንድ ኮርስ ወድቄ፣ ራሴን ሰድቤ ሰድቤ ነው የተነሳሁት። ልጆቻችንን "አይዞህ አይዞህ" እያልን ሰነፍ እንዳናደርጋቸው እፈራለሁ።

—

አማካሪው፦
ወንድሜ፣ ስለ ትንበያው ያልከው ትክክል ነው፣ እኔም የፍቺ መቶኛ የማልጠቅሰው ለዚህ ነው። ማንም ሰው በሦስት ደቂቃ ንግግር ተመዝኖ "ትዳርህ አለቀ" ሊባል አይገባም። አራቱ ነገሮች ቤት እንደሚያቆስሉ ግን ሥራዬ ላይ በየሳምንቱ አየዋለሁ።

ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም። በርክሌይ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2012 የወጣ ጥናት አለ፣ የጁሊያና ብራይነስና የሴሪና ቼን። ተማሪዎቹ ከባድ የቃላት ፈተና ተሰጣቸው፣ ወደቁ። ለአንዳንዶቹ "ብዙ ሰው ነው የሚቸገርበት፣ በራሳችሁ ላይ አትጨክኑ" የሚል ሐሳብ ተነገራቸው። ከዚያ ሌላ ፈተና አለ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ተዘጋጁ ተባለ። በራሳቸው እንዳይጨክኑ የተነገራቸው ናቸው ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት። ነገሩ ሲታሰብ አይገርምም። የሚወርድብህን ስድብ የምትፈራ ከሆነ ደብተሩን መክፈትም ትፈራለህ።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፖል ጊልበርት የሚለውም ለእህታችን ይጠቅማል። ሰው ራሱን ሲሰድብ አእምሮው ውስጥ የሚነሳው አደጋ ሲመጣ የሚነሳው ያው ሥርዓት ነው። ሌላ ሰው ቢያንቋሽሽሽ የምትሆኚውን ትሆኛለሽ። ልዩነቱ ከሌላ ሰው መሸሽ መቻልሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰውነቱ ለጠብ ተዘጋጅቶ የዋለ ሰው ደግሞ ማታ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ሲያይ ምን ይላል?

—

ቀጥተኛ ሰው፦
እሺ። የወደቅኩትን ኮርስ ሳስብ፣ ያስነሳኝ ስድቡ ነው ወይስ የዶርም ጓደኛዬ ሌሊት ሌሊት አብሮኝ መቀመጡ ነው ብዬ ማሰብ አለብኝ። እውነቴን ነው።

—

ከሜሪላንድ፦
እኔ ትችት ተቀባይዋ ነበርኩ፣ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ድብርት ያዘኝ፣ ሕክምና ገባሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ እየበላ "ይሄን እንጀራ ከየት ገዛሽው?" አለኝ። እኔ የሰማሁት "አንቺ መጋገር የማትችይ" የሚል ነው። ሳህኑን አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ አለቀስኩ። እሱ እንደ ሐውልት ተቀምጦ ቀረ። ለካ ጣፍጦት ነው፣ የሱቁን ስም ፈልጎ ነው።

ሐኪሜ ያኔ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ባለቤትሽ ምን ያህል ይተቹሻል? ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጪ።" 8 አልኳት። በኋላ እንደነገረችኝ ጥያቄው እንግሊዝ አገር ጂል ሁሊና ጆን ቲስዴል በ1989 ካወጡት ጥናት የመጣ ነው። ከድብርት ያገገሙ ባለትዳሮችን ለዘጠኝ ወር ተከታትለው፣ ማን እንደገና እንደሚታመም በደንብ ያመለከተው ያቺ አንዲት ቁጥር ሆና አገኟት። በሽተኛው የሚሰማው ትችት ማለት ነው። ቤት ውስጥ በእውነት የሚነገረውም አለበት፣ የራሳችን ጆሮ የጨመረበትም አለበት።

የኔ 8 ስንከፋፍለው ምናልባት 3ቱ የባለቤቴ ነበር። የቀረው የኔ ነው። እኔ ለራሴ ቀኑን ሙሉ "የማትረቢ" ስል ስለምውል፣ እሱ አፉን ሲከፍት ያንኑ የሚል ይመስለኛል። አሁን ጎሸም የሚያደርግ ነገር ስሰማ "ምን ማለትህ ነው?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቁጣ ሳልጨምርበት። ብዙ ጊዜ የጠረጠርኩትን ማለቱ አይደለም።

—

ስሜን አልጽፍም፦
ይሄን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ። እኔ ለአራት ዓመት "አነጋገሬን ላሻሽል" ስል ኖሬያለሁ። እሱ ስልኬን ይፈትሻል፣ እህቶቼ ቤት መሄድ ከልክሎኛል፣ "ከእኔ ሌላ ማን ያገባሻል" ይለኛል። በቀስታ ጀመርኩ፣ በምስጋና ጀመርኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ጥፋቱ የኔ አነጋገር ይመስለኝ ነበር።

—

አማካሪው፦
እህቴ፣ የአንቺ ጉዳይ ከዚህ ክር የተለየ ነው፣ ስለጻፍሽው ጥሩ አደረግሽ። እስካሁን ያወራነው ሁለቱም ሰዎች ሳይፈሩ መናገር ለሚችሉበት ቤት ነው። ስልክ መፈተሽ፣ ከዘመድ መነጠል፣ ማስፈራራት ባለበት ቤት ችግሩ የአነጋገር አይደለም። ሰውየው አንቺን መቆጣጠር ነው የያዘው። የምትሠሪው የቤት ሥራ የለም። መጀመሪያ ለምታምኚያት አንዲት እህትሽ ንገሪ፣ እሱ በማያየው ስልክ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ የት መሄድ እንደምትችይ አብረን እናያለን።

—

የሦስት ልጆች እናት፦
ስሜን አልጽፍም ያልሽው ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም ጥፋተኛዋ። ይሄን እንደ እናት ነው የምልሽ።

—

የአማርኛ መምህር፦
እኔ የሥነ ልቦና እውቀት የለኝም። ቃላቱ ላይ ግን የምለው አለኝ።

"መቼም" የምትለዋን እዩአት። "አትሠራም" ከሚለው ጋር ስትገባ ትናንትንም ነገንም ይዛ ነው የምትገባው። አንድ ሲኒ ተሳስቶ ተቀመጠ፣ ፍርዱ ግን ለሕይወት ዘመን ሆነ። "ሁልጊዜ"ም እንደዚሁ ናት። እኔ ቤቴ ውስጥ ሁለቱን ቃላት ለማቆም ሞክሬያለሁ። ካቆምኳቸው በኋላ የምለው ነገር ግማሹ አለቀ።

ሌላው "አንቺ" ነው። ራሳችንን ስንሰድብ "እኔ የማልረባ" ስንል አልሰማም፣ "አንቺ የማትረቢ" ነው የምንለው። የሌላ ሰው ንግግር እንደተቀዳ ነው። ስንፈልግ ደግሞ ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ ታክሲ ውስጥ ለወደቀች እንግዳ ሴት እንኳ "አይዞሽ" እንላለን፣ ሳናስብ ከአፋችን ይወጣል። ለራሳችን ግን አንልም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ጠይቄ አውቃለሁ፣ ራሱን "አይዞህ" ብሎ የሚያውቅ አንድ እጅ ነው የወጣው።

—

ከሜሪላንድ፦
መምህር፣ ሐኪሜም ከዚህ ጋር የሚገጥም ነገር ነግራኛለች። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢታን ክሮስ ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በጭንቀት ጊዜ "እኔ" ከሚሉት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው ወይም "አንተ፣ አንቺ" እያሉ የሚያናግሩ ሰዎች ይረጋጋሉ። ለጓደኛቸው እንደሚመክሩ ይሆናሉ። ስለዚህ "አንቺ" የምትለውን መተው የለብንም፣ ከኋላዋ የሚመጣውን ቃል መቀየር ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ለራሴ "አይዞሽ" ስል አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር፣ የውሸት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ።

—

የሦስት ልጆች እናት፦
ማታ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው።

ከባለቤቴ ጋር 38 ዓመት ኖርን። ነፍሱን ይማርና ካረፈ አራት ዓመቱ። እናቴ ስትድረኝ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ "አቦል ላይ ነገር አታንሺ" አለችኝ። መጀመሪያ ቡናው ይጠጣ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ዕድሩ ይወራ። የከፋሽ ነገር ካለ ቶና ላይ ታነሺዋለሽ፣ አንድ ነገር ብቻ። በረካ ላይ ደግሞ ይዘጋል፣ ወደ መኝታ ይዘሽው አትሄጂም። እኔ ስንቴ ጥሻለሁ። በተለይ ልጆቹ ትንንሽ እያሉ አቦሉም ሳይቀዳ ነበር የምጀምረው። ጠብቄ ባነሳሁት ቀን ግን ሰምቶኝ ነው የሚነሳው።

አንድ ጊዜ ሰው ፊት "አንተ ምን ታውቃለህ" አልኩት፣ ወንድሞቹ በተሰበሰቡበት። ከሃያ ዓመት በኋላ ታሞ ተኝቶ እያለ አነሳብኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት ነው። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩት። "ድሮ ነው የተውኩት" አለኝ፣ ግን ቀኑንም ማን ማን እንደነበረም ያስታውስ ነበር።

—

የማለዳ ጤዛ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ማታ ባለቤቴን "ስለ ሲኒው ይቅርታ፣ አጥበህልኝ ነበር፣ ሳላመሰግንህ ቀረሁ" አልኩት። "ምን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። አመመኝ፣ ግን ልፈርድበት አልቻልኩም። ከሰባት ዓመት በኋላ ድንገት ቃል ቢለወጥ ማን ያምናል። "ምንም አልፈለግኩም" ብዬ ዝም አልኩ። ጎትማን በጭቅጭቅ ጊዜ እንኳ ደህና በሚባል ትዳር ለአንድ ክፉ ነገር አምስት ደግ ነገር አለ ማለቱን ከዚህ በፊት አንብቤ ነበር። የኔን ዕዳ ስቆጥር ደከመኝና ቆጠራውን ተውኩት።

ከልጄ ጋር ግን ቀለል አለኝ። ትናንት ዘይት አፈሰስኩ፣ ወለሉ ላይ። ቃሉ አፌ ላይ መጣ። እሷ ቀና ብላ እያየችኝ ነው፣ ምን እንደምል እየጠበቀች። "ወይኔ ዘይቱ ፈሰሰ። አይዞሽ፣ ይጠረጋል" አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። "ማንን ነው አይዞሽ ያልሽው?" አለችኝ። "ራሴን" አልኳት። ትንሽ አሰበችና ጨርቅ አመጣችልኝ።

—

ዝምተኛው ሾፌር፦
ይሄን ክር ለባለቤቴ አሳየኋት። መጀመሪያ ልሰርዘው ነበር የጻፍኩትን። ከዚያ ስልኩን ሰጠኋትና ሻወር ገባሁ፣ አጠገቧ ሆኜ ስታነብ ማየት ስላልቻልኩ።

ስወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ለካ ታውቅ ነበር። የመኪናው መብራት ሲጠፋ ከመስኮት ታየኛለች፣ በየቀኑ። ከሴት ጋር በስልክ የማወራ መስሏት ነበር፣ ስምንት ወር ሙሉ። ስገባ የምትቆጣኝም አንዳንዴ ለዚያ ነው። "ከማን ጋር ነበር የምታወራው?" አለችኝ። "ከማንም" አልኳት። "እኔን ፈርተህ ነው?" አለች። አልመለስኩም፣ እሷም አልደገመችውም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ሥራ አልገባም፣ ጠዋት ቡና አፈላለሁ ብላለች።